የመንገድ ዳር ጉርሻ

ከመካከላችሁ «መንገድ ላይ አትብላ» እየተባለ ያላደገ ካለ እጁን ያንሣ። እኔን እናቴ ዳቦ ቋጥራ ወደ ትምህርት ቤት ስትልከኝ መንገድ ላይ አውጥቼ እንዳልገምጥ ሳታስጠነቅቀኝ የቀረችበት ቀን የለም። ምክንያቷ ሁለት ነበር፤ አንደኛው የሰው ዐይን፣ ሁለተኛው ነውር። ይህን ትምህርት ኮሌጅ ገብቼ እንኳ አልረሳሁትም ነበር። ያስረሳችኝ በአስተማሪነት የተመደብኩባት ከተማ ሐረር ናት፤ እርሷም ብትሆን ጨርሳ ያስረሳችኝ በቅርቡ ባሳለፍኩት አንድ ቅዳሜና እሑድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኮሌጅ ሳለን አንድ መኝታ ቤት የተጋራን፣ አሁን አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ጀማሪ ሠራተኛ የሆነ ወዳጄ ዐርብ ማታ በአውቶቡስ ሊጠይቀኝ መጣ። ወሩ ሃያን አልፏል። ከመንግሥት ደመወዝ የምትበሉ ሁሉ ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የሁለታችንን ኪስ አራግፈን ብንደምረው ከአንድ ደኅና ምግብ ቤት ምሳ የሚያልፍ አልሆነም። «እንግዲያውስ ሁለቱን ቀን ቆመን እንበላለን» አልኩት። እርሱም ሳቀና ከረባቱን ደባበሰ። ለካ ከረባት አስሮ መምጣቱን አልነገርኳችሁም!

ቅዳሜ ጧት ከሸዋ በር አጠገብ በፈጢራ ጀመርን። ፈጢራ ያልቀመሳችሁ እንደሆነ፣ ሊጡ እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ይዘረጋል፤ እንቁላል ይፈስበታል፤ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታጠፍና በዘይት ይጠበሳል፤ በመጨረሻም ማር ይንጠባጠብበታል። ወዳጄ የመጀመሪያውን ጉርሻ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ጎረሰ። ሁለተኛውን ወደ እኔ ዞሮ፣ ሦስተኛውን ግን ወደ አላፊ አግዳሚው ዞሮ ጎረሰው።

ከዚያ በጀጎል ውስጥ ስንዘዋወር ዋልን። ጀጎል በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የታነጸ ግንብ ነው፤ ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ጥንታዊ በሮቹ አምስት ናቸው። ወዳጄ ከአምስቱ አንዱ ቡዳ በር እንደሚባል ሲሰማ በእጁ የያዘውን ኦቾሎኒ ወዲያው ወደ ኪሱ ከተተ። የእናቶቻችን ትምህርት እንዲህ በቀላሉ አይለቅም!

ከፈረስ መጋላ ተነሥተን በመኪና ግርግር ወረድን። ይህ ጠባብ መንገድ ስያሜውን ያገኘው በግራና በቀኝ ከተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪና ድምፅ ነው። ግድር መጋላ ስንደርስ ጭልፊቶች ከሥጋ ቤቱ ጣሪያ ላይ ተሰልፈው የገዢውን እጅ ይጠባበቃሉ። ሥጋ ይዞ የሚዘናጋ እንግዳ ምሳውን ለሰማይ ያበረክታል።

ከሰዓት በኋላ ጣፋጩን ያዝን። ሙሸበክ ብርቱካን የመሰለ ቀለም ያለው፣ እንደ መረብ እየተጠላለፈ የተጠበሰና ሽሮፕ የጠጣ ነው። ሐልዋ ደግሞ ስኳርና ዘይት ሄል ገብቶበት በእሳት ላይ ያለ ዕረፍት እየተማሰለ የሚረጋ ነው። ስሞቹን ልብ ብላችሁ ስሟቸው። ሙሸበክ በዐረብኛ የተጠላለፈ፣ ሐልዋም ጣፋጭ ማለት ነው። ሐረር ለብዙ መቶ ዓመታት የደጋውን አገር ከዘይላና ከበርበራ ወደቦች ጋር ያገናኘች የንግድ ከተማ ነበረች። ቡናና ቆዳ ሲወርድ፣ ጨርቅና ቅመም ሲወጣ፣ ስምና የአሠራር ጥበብም አብሮ ተጓዘ። የታሪክ መጽሐፍ ሁልጊዜ በቀለም ብቻ አይጻፍም፤ በስኳርም ይጻፋል።

እስካሁን ያወራሁላችሁ ስለ ሆድ ነው። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እገባለሁ።

በመሸ ጊዜ ፈረስ መጋላ በመብራት ተሞልታ፣ መንገድ ዳር ሳምቡሳ ወደሚጠበስበት ቦታ ቀረብን። እኔ የምስሩን ሳምቡሳ እወዳለሁ። በአገራችን የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ሥጋ እንደሚለያይ ታውቃላችሁ፤ የምስር ሳምቡሳ ግን ሁለቱንም አያስቀይምም፤ በጾም ቀን እንኳ ጾመኛውን አያስቸግርም። አንዲት እናት ከከሰል ምድጃው ፊት ተቀምጠው ይጠብሳሉ፤ ከጎናቸው አንድ ልጅ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት እየጠቀለለ ይሸጣል። አንዱን በትኩሱ ተቀብዬ ገመጥኩ። ቀና ስል ከልጁ ጋር ዐይን ለዐይን ተገጣጠምን።

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ነው።

እኔ አፌ ሞልቶ፣ ከንፈሬ በዘይት ወዝቶ ቆሜያለሁ፤ እርሱ ወረቀት እንደያዘ ደርቆ ቀርቷል። ሁለታችንም አፈርን፤ እኔ መንገድ ላይ ስበላ፣ እርሱ መንገድ ላይ ሲሸጥ በመያዛችን። ነገር ግን የእኔ ኀፍረት ሌላም ምክንያት ነበረው። ከሁለት ሳምንት በፊት «ቅዳሜና እሑድን እንዴት አሳለፍኩ» የሚል የድርሰት ሥራ ሰጥቼ ነበር። ይህ ልጅ ስሙን ብቻ ጽፎ ባዶ ወረቀት መለሰልኝ። እኔም ባዶ ሰጠሁት፤ ይህም አልበቃኝ ብሎ በክፍሉ ፊት «ሁለቱን ቀን ተኝተህ ነው ያሳለፍከው?» አልኩት። ልጆቹ ሳቁ። እርሱ ዐንገቱን ደፋ።

«ቲቸር፣ እንደምን አመሹ» አለ በዝግታ። እናቱ ይህን ሲሰሙ ብድግ ብለው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርዝ ጠረጉና «አስተማሪው ነዎት? በሉ እንግዲህ፣ ዛሬ ገንዘብ የሚባል ነገር አልቀበልም!» አሉኝ። ገንዘቡን ላስጨብጣቸው ስታገል ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። ከዚህ ያወጣኝ ወዳጄ ነው። «እናቴ፣ ዛሬ እንግዳዎ ነን፤ ነገ ግን እንደማንኛውም ሰው ከፍለን እንበላለን» አላቸው። ተስማሙ። በቢሮ ያሉ ሰዎች ደብዳቤ መጻፍ ብቻ የሚያውቁ የሚመስላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል።

እርሳቸውም ዐርብ ማታ ምስሩን እንደሚለቅሙ፣ ሊጡን እንደሚያቦኩ፣ ልጁ ቅዳሜና እሑድ እስከ እኩለ ሌሊት አብሯቸው እንደሚሠራ አጫወቱን። ቀጥሎም የፈራሁትን ጥያቄ አመጡ።

«ለመሆኑ ትምህርቱ እንዴት ነው? ይጎብዛል?»

ልጁ ዐይኑን ከመጥበሻው ላይ አላነሣም። የሰጠሁትን ባዶ እንዳልናገር አፍ አጣሁ፤ «ጎበዝ ነው» ብዬ እንዳልሸነግላቸው ልጁ ይሰማኛል። እንደምንም ጉርሻዬን ውጬ «እናቴ፣ እስካሁን የሚያውቀውን አልጠየቅሁትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው። ነገሩ የገባቸው አልመሰለኝም። ልጁ ግን ቀና ብሎ አየኝ።

እሑድ ጧት ወዳጄ ከረባቱን ሻንጣው ውስጥ ከተተው። ቁጢ ጠጣን። ቁጢ ፍሬው ሳይሆን የቡናው ቅጠል ተቆልቶ የሚፈላበት መጠጥ ነው፤ በወተት ይጣፍጣል። ማታ ቃላችንን ጠብቀን ሳምቡሳ በልተን እንደማንኛውም ሰው ከፈልን። ወዳጄም ሐልዋና የባቢሌ ኦቾሎኒ ቋጥሮ በሌሊቱ አውቶቡስ ሊሳፈር ተዘጋጀ። ሲለየኝ «መንገድ ላይ መብላትስ ነውር አይደለም» አለኝ፤ የቀረውን አልጨረሰውም፤ መጨረስም አላስፈለገውም።

ሰኞ ክፍል ገብቼ ያንኑ የድርሰት ርእስ በሰሌዳው ላይ እንደገና ጻፍኩ። «ዛሬ የእኔን ቀድማችሁ ትሰማላችሁ» ብዬ ስለ ፈጢራው፣ ስለ ጭልፊቱ፣ ኪስ ስለ ገባው ኦቾሎኒ አነበብኩላቸው። ፈረስ መጋላ ላይ ቆሜ ሳምቡሳ መብላቴንም አልደበቅሁም፤ ማን እንደሸጠልኝ ግን አልተናገርኩም። ልጆቹ ሳቁ፤ በዚህ ጊዜ የተሳቀው በእኔ ነው። ባዶ የሰጠሁት ሁሉ እንደገና ጽፎ ማስረከብ እንደሚችልም አስታወቅሁ።

ውድ አንባቢዎቼ፤ ሐረር ብትመጡ ፈጢራውን በጧት፣ ሳምቡሳውን በማታ፣ ሐልዋውን በፈለጋችሁት ሰዓት ቅመሱ። በጥቂት ሳንቲም ከሚጠብሱት እናቶች ጋር አትከራከሩ፤ በዚያች ሳንቲም ደብተር ይገዛበት ይሆናል። አስተማሪ የሆናችሁ ደግሞ ባዶ ወረቀት ስታገኙ ቀዩን ቀለም ከማንሣታችሁ በፊት የልጁን ቅዳሜ ጠይቁ።

ልጁ ረቡዕ ዕለት ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፎ አስረከበኝ። በውስጡ ምን እንዳለ አልነግራችሁም፤ የእርሱ ድርሰት ነውና።