የካዝናው ቁልፍ ለሁለት፣ የሰርቨሩስ?

በባንክ ቤት ካዝና በአንድ ሰው እጅ አይከፈትም። ቁልፉ ለሁለት ኃላፊዎች ይከፈላል፤ ርክክቡም በፊርማ ነው። ዛሬ ግን አብዛኛው ገንዘብ በሰርቨር ዲስክ ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው። ለመሆኑ የዚያኛው ክፍል ቁልፍ በማን እጅ ይገኛል? በጠቅላላ ጉባኤ ላይ የትርፍ ድርሻው ለምን አነሰ ብሎ የሚሟገተው ባለአክሲዮን ይህን ሲጠይቅ አይሰማም።

ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን አገበያይ ድርጅት የከፈለው ዋጋ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። ድርጅቱ 8 ሰርቨሮች ላይ አዲስ ፕሮግራም መጫን ነበረበት። ባለሙያው 7ቱ ላይ ጭኖ አንዱን ዘለለው፤ ሥራውን ደግሞ የሚያይ ሁለተኛ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ገበያው ሲከፈት በተረሳው ሰርቨር ላይ ለዓመታት ተኝቶ የነበረው አሮጌ ፕሮግራም ነቃና ያለ ልክ ይገዛና ይሸጥ ጀመር። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠፋ። የሚያስገርመው፣ ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ራሱ 97 የኢሜይል መልእክቶችን ለሠራተኞች ልኮ ነበር። ልብ ያላቸው አልተገኘም። ድርጅቱም በዓመቱ በሌላ ኩባንያ ተጠቃለለ።

የዲስክ ነገርም እንዲሁ ነው። ሬይድ 5 በሚባለው አደረጃጀት አንድ ዲስክ ቢሞት ሌሎቹ ሸክሙን ተካፍለው ሥራው ይቀጥላል፤ ደንበኛውም ምንም አይሰማውም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የሞተው ሳይቀየር ሁለተኛው ከተከተለ መረጃው አብሮ ይሄዳል። በአንድ ቀን የተገዙ ዲስኮች ደግሞ የሚያረጁትም አብረው ነው። መለዋወጫ ለመግዛት የግዢ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት በሰው ገንዘብ ቁማር እየተጫወተ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንስ ይጨርሳል፤ ወንበርና ጠረጴዛ ሳይቀር ተቆጥሮ ይረከባል። የመግቢያ ፈቃዱ መሰረዙንስ ማን ያረጋግጣል? ሩት የሚባለው ሁሉን ቻይ መግቢያ በአንድ የይለፍ ቃል ለአምስት ሰው ከታደለ፣ ጥፋት ሲደርስ መዝገቡ የማን እጅ እንደነበረ አይናገርም።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በአንድ ሌሊት ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣታቸው ይታወሳል። ባንኩ ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በራሱ ሲስተም ላይ የተሠራ ሥራ መሆኑን ገልጾ ነበር። ገንዘቡ በአብዛኛው ተመልሷል፤ በተማሪዎች ደጃፍ ሳይቀር ተዞሮ።

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ አክሲዮን ገዢና ደላላ ብዙ ሰነድ ያገላብጣሉ። መጠባበቂያ ቅጂው ተቀምጧል ወይ ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ለመጨረሻ ጊዜ ተመልሶ ተጭኖ የተሞከረው መቼ ነው? መልሱ «የአይቲ ክፍል ያውቀዋል» የሚል ከሆነ፣ በአክሲዮኑ ዋጋ ላይ ደግሞ መደራደር ተገቢ ነው።