የመድረሳችን መዝገብ ቁልፍ በማን እጅ ነው?



ዛሬ ስለ ኮምፒውተር ልጽፍ ነው። «የኢማም ረዳትን ምን አገባው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የደረሶቻችንን ስም ማንበብ አቅቶኝ ስለ ከረምኩ ነው ያገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ወንድማችን፣ አላህ ኸይር ጀዛውን ይክፈለውና፣ ለመድረሳችን የመመዝገቢያ ፕሮግራም በነፃ ሠራልን። የደረሳው ስም፣ የወላጅ ስልክ፣ የሚቀራው ኪታብ፣ ወርሃዊ መዋጮው፣ የተዋሰው መጽሐፍ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ የተጻፈው በቪዥዋል ቤዚክ 6፣ መረጃው የሚቀመጠው በአክሰስ ነበር። ከዚያ ወንድማችን ዓረብ አገር ሄደ። ሶርስ ኮዱ የነበረበት ላፕቶፕም ተሸጠ። ዘንድሮ የመስጂዱ ኮምፒውተር ሲበላሽ ጀማዓው አዋጥቶ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛ። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የሚጠይቀው ቲፒኤም 2.0 በዚህ ማሽን ላይ የለም። ስለዚህ ልጆቹ ኡቡንቱ ጫኑበት። (ክራክ ስለ መጠቀም ሑክሙን ለዑለሞቻችን እተወዋለሁ። መስጂድ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ግን ባላየው እመርጣለሁ።)

ፕሮግራሙ አልከፈት አለ።

ለጊዜው ያወጣን ዋይን የሚባለው ነው፤ የዊንዶውስ ፕሮግራምን ሊኑክስ ላይ ያስነሳል። ስሙን የሰማ አንድ ደረሳ «አስተግፊሩላህ!» አለ። መጠጡ አይደለም፣ አትደንግጡ። ፕሮግራሙ ተነሣ፤ ዝርዝር አትም ሲባል ግን ይዘጋል። ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት አልሆነንም።

ወንድማችንን አልወቅስም፤ የተማረው ያንን ነው። ግን አስተውሉ፤ ቪዥዋል ቤዚክ 6 የወጣው በ1998 ነው፤ ማይክሮሶፍት መጻፊያውን መደገፍ ያቆመው በ2008 ነው። የእኛ ፕሮግራም የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቱ ትቶት በሄደ ቤት ውስጥ አማና አስቀመጥን ማለት ነው።

እንደገና ለመጻፍ ስንመክር አንዱ ልጅ «በሲ ሻርፕ፣ በዊንዶውስ ፎርምስ እንሥራው፤ እሱም እኮ ኦፕን ሶርስ ሆኗል» አለ። ልክ ነው፤ ማይክሮሶፍት በ2018 መጨረሻ ኮዱን ከፍቶታል። ሆኖም እስከ ዛሬ የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። በሩ ተከፈተ እንጂ ቤቱ የቆመው አሁንም በሰው ግቢ ነው። ወጣቶቻችን «ኦፕን ሶርስ» የሚለውን ስም ሰምተው የሚሸወዱት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የመረጥነው ኪውትን ነው፤ በፓይተን ለመጻፍ የሚያስችለውን ፓይሳይድ ይዘን። አንድ ጊዜ የተጻፈው በሊኑክስም በዊንዶውስም ይሠራል። እኔን የሳበኝ ግን ታሪኩ ነው። ኪውትን የሠራው ትሮልቴክ የሚባል የኖርዌይ ኩባንያ ነው። በ1998 ከኬዲኢ ሰዎች ጋር ውል ገባ፤ ኩባንያው ነፃውን እትም ማውጣት ካቆመና 12 ወር ካለፈ፣ ኮዱን ማንም እንዲጠቀምበት የመልቀቅ መብት ለጋራው ድርጅት እንዲሆን የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ ኩባንያውን በ2008 ኖኪያ ገዛው፤ ኪውት ቆይቶ ደግሞ ወደ ፊንላንዱ ዲጂያ ተሻገረ። ባለቤት ሲለዋወጥ ውሉ አልፈረሰም። በፊቅህ ወቅፍ ነው አላልኩም። ግን የወቅፍ ሽታ የለውም ትላላችሁ?

ከመስኮቱና ከቁልፎቹ በፊት ደግሞ የሚቀድም ነገር አለ፤ መረጃው። ይህን ያየሁት ከመክተበቱ ሻሚላ ነው። የመድረሳ ልጅ ሆኖ ሻሚላን ያልከፈተ ማን አለ? ለዓመታት የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ነበር፤ ኪታቦቹም የሚቀመጡት በአክሰስ ፋይል ነበር። ያለ ክፍያ ይታደላል፤ የሊኑክስ ተጠቃሚ ግን ከደጅ ቀረ። የዓረብ ፕሮግራመሮች ተቀምጠው አልጠበቁም። ኤምዲቢ ቱልስ በሚባል የአክሰስ ፋይል ማንበቢያ ኪታቦቹን አውጥተው ሰዋብ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ውስጥ አስገቧቸው። ስሙ ራሱ ኒያቸውን ይናገራል። ሻሚላም በአራተኛው እትሙ አክሰስን ትቶ ወደ ኤስኪውላይት ዞሯል።

እኛም በዚያው መሣሪያ መዝገባችንን አወጣነው። የወጣውን ሳየው ግን ደነገጥኩ፤ «ሙሐመድ» የለ፣ «ዘይነብ» የለ፣ የላቲን ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ነው! ለካ የቪዥዋል ቤዚክ 6 መጻፊያ ሳጥኖች ዩኒኮድን በወጉ አያሳዩም፤ ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም ስሞቹ የተተየቡት በድሮ ፎንት ነበር። የድሮ ፎንት ማለት በላቲን ፊደል ላይ የአማርኛን ምስል የሣለ ነው። ፎንቱ ሲነሣ ስሙም አብሮ ይሄዳል። ሁለቱ ሳምንት ያለቀው እዚህ ላይ ነው፤ የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደ ሆነ ሠንጠረዥ አወጣን፣ እንደገና ቀየርን፣ ከወረቀት መዝገብ ጋር አመሳከርን። አልሐምዱሊላህ፣ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ተገኘ። አሁን በኤስኪውላይት ተቀምጧል፤ ነገ ኪውትም ቢቀር መዝገቡ ይነበባል።

«ዊንዶውስ አለን፣ ይሠራል፣ ምን አስለፋችሁ?» ያሉን አሉ። ለግል ሥራችሁ ከሆነ አልከራከርም፤ ሥራ የፈታ ሰው አይደለንም። የጀማዓ መዝገብ ግን የአንድ ሰው አይደለም። ነፃ ሲባልም ልፋት የለውም ማለት አይደለም፤ ልጆቹ ከዒሻ በኋላ እያመሹ ነው የሚሠሩት፣ ማተሚያው ገና አልተስተካከለም። ሶርስ ኮዱን ግን በሦስት ቦታ አስቀምጠናል፤ አንዱ ቅጂ ከመስጂዱ ሰነዶች ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

እናንተም በከተማችሁ መስጂድ ፕሮግራም ካለ ኮሚቴውን ሁለት ነገር ጠይቁልኝ፤ ሶርስ ኮዱ የት ነው? መረጃውስ ያለ ፕሮግራሙ ይነበባል? ፕሮግራም የሠራችሁ ደግሞ፣ አገር ሳትለቁ ኮዱን አስረክቡ።

አንድ ሥራም አለ። ኪውት ከአቆጣጠሮቹ መካከል የሂጅሪውን ይዟል፤ የኢትዮጵያን ግን አላገኘሁበትም። ልጆቻችን ለራሳችን መዝገብ የሚሆን ማስሊያ ጀምረዋል፤ ጳጉሜ ላይ ተጣብቀዋል። የምትችሉ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ወሰላሙ ዓለይኩም።