የመምህራን የእጅ ሥራ ሥልጠና ከእርከኑ ላይ ቢጀመር

በላስታ ተራሮች ለመምህራን የቴክኖሎጂ ሥልጠና ይሰጣል ሲባል የገበሬ ማኅበር መሪዎች ጉዳዩን ለትምህርት ጽሕፈት ቤት ብቻ ትተው ሊያልፉት አይገባም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ይሰጣል። ትምህርቱን የሚያስተምረው ግን አብዛኛውን ዕድሜውን በጠመኔና በገለጻ የተማረ መምህር ነው። እጁ ያልሠራውን ለልጆቻችን እንዴት ያሳያቸው?

ነገሩ አዲስ አይደለም። ላስታ ገና አውራጃ ሳለች፣ በ1970ዎቹ፣ በየአውራጃው ይቋቋሙ የነበሩት የፔዳጎጂ ማዕከላት መምህራን በአካባቢው ከሚገኝ እንጨት፣ ካርቶንና ቆርኪ የማስተማሪያ መርጃዎችን እንዲሠሩ ያበረታቱ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። ሆኖም የተሠራው ነገር ከክፍሉ መደርደሪያ አልፎ ማሳ ላይ ካልወረደ ገበሬው አያውቀውም፤ ያላወቀውንም አይጠብቀውም።

ስለሆነም ሥልጠናው በነአኩቶ ለአብ አካባቢም ሆነ በሌላው የላስታ ቀበሌ ገበሬው በየበጋው ከሚደክምበት ሥራ፣ ከእርከን ይነሣ እንላለን። የእርከን ጠላት የዓይን ግምት ነው። ካቡ በአንድ ቦታ በጥቂቱ እንኳ ዝቅ ካለ የክረምቱ ጎርፍ ወደዚያ ይሰበሰባል፤ ካቡን ጥሶ ቦረቦር ይከፍታል፤ የስንት ቀን ጉልበት በአንድ ዝናብ ይሄዳል። አባቶች ይህን ያውቁ ነበር፤ በላሊበላ ከአለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት የዝናብ ውሃ የሚወጣበት ቦይ አብሮ ተቆርጦላቸዋል።

ልኩን የሚያወጣው መሣሪያ ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ሁለት እኩል እንጨቶች ጫፋቸው እንደ «ለ» ፊደል ይታሰራል፤ ከወገባቸው ላይ አግዳሚ ይመታል፤ ከጫፉ ድንጋይ የታሠረበት ክር እንደ ግንበኛ ቱንቢ ይንጠለጠላል። መሣሪያውን በሁለት ችካሎች ላይ አቁሞ ክሩ አግዳሚውን የነካበትን ምልክት ማድረግ ነው። ከዚያ እግሮቹን በእነዚያው ችካሎች ላይ አቀያይሮ እንደገና ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። የሁለቱ ምልክቶች መካከል ትክክለኛው ልክ ነው። ቀጥሎ አንዱን እግር በችካል ላይ አጽንቶ ሌላውን ክሩ መካከሉን እስኪመታ ወደ ላይና ወደ ታች እያዞሩ ችካል መትከል ነው። ውሃው ቀስ ብሎ እንዲወጣ በሚፈለግበት መሬት ግን የዝቅታውን መጠን የግብርና ባለሙያ ይወስን።

እዚህ ላይ የሒሳብ መምህሩ ባለሁለት እኩል ጎን ሦስት ማዕዘንን፣ የሳይንስ መምህሩ የመሬትን ስበት ያገኛሉ። ተማሪውም ለአባቱ የሚያሳየው ሥራ ይዞ ቤቱ ይገባል።

ቦታውን በተመለከተ፣ ትምህርት ሚኒስቴር በ2016 ዓ.ም. ክረምት ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን በዩኒቨርሲቲዎች ሥልጠና ሰጥቷል። ለዕውቀት ይህ ይጠቅማል። ለእጅ ሥራ ግን፣ በተለይም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገዱን ባከበደበት ሁኔታ፣ መምህሩ በእግሩ የሚደርስበት የጉድኝት ትምህርት ቤት ይሻላል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በሰሜን ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋልና ሥልጠናው ኮምፒውተር እስኪመጣ ይቆይ ማለት መምህሩን እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ መፍረድ ይሆናል።

ጊዜውም ይታሰብበት። የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት በጥርና በየካቲት መካከል ሲውል የተፋሰስ ሥራም በዚያው ወራት ነው። ሁለት ቀን ይበቃል፤ በመጀመሪያው መምህራን ሠርተው ልኩን ያወጣሉ፣ በሁለተኛው ያለ አሠልጣኝ እርዳታ በእውነተኛ ተዳፋት ላይ መስመር ይቀይሳሉ። ምስክር ወረቀት የሚሰጥ ከሆነም መስመሩ ታይቶ ይሁን።

ከማኅበሩ የሚፈለገው እንጨት፣ ክር፣ ተዳፋት መሬት፣ አንድ ጎበዝ ግንበኛና ከሩቅ ለሚመጡት መምህራን ማደሪያና እንጀራ ነው። የአበሉን ክርክር ከሥልጠናው ቀን በፊት መጨረስ ይበጃል፤ ብዙ ሥልጠና የሚበላሸው በዚህ ነውና። የተሠሩት መሣሪያዎች በትምህርት ቤቱ መዝገብ ይግቡ፤ የእርከን ሥራ ሲጀመር የየጎጡ የቡድን መሪዎች ፈርመው ይውሰዱ፤ ሲጨርሱም ይመልሱ።