ከውሉ ውጭ የቀሩ ልጆች

ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር ስለሚሄዱ እናቶች በምርምርም ሆነ በፖሊሲ ሲነሣ፣ ትኩረቱ በአብዛኛው በተጓዧ ላይ በሚደርሰው በደልና ወደ ቤት በሚላከው ገንዘብ ላይ ነው። አገር ቤት የቀረው ልጅ የሚጠቀሰው የዚያ ገንዘብ ተጠቃሚ ሆኖ ብቻ ነው። ይህ አተያይ መታረም አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2018 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የጥናቶች ጥምር ትንተና፣ ወላጆቻቸው ለሥራ የራቋቸው ልጆች ለድባቴና ለጭንቀት ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ይሁን እንጂ ከተካተቱት 111 ጥናቶች 91ዱ የቻይናን የአገር ውስጥ ፍልሰት የሚመለከቱ ናቸው። እዚያ ወላጅ ለበዓል ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። በከፋላ ሥርዓት የምትሠራ እናት ግን መመለስ ቀርቶ ስልክ መደወል እንኳ በአሠሪዋ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ሊሆንባት ይችላል። ስለዚህ የውጭውን ግኝት እንዳለ መዋስ አያዋጣንም።

በእኛ ዘንድ «የአያት ልጅ» ሲባል ቅምጥል ማለት ነው። የዘመድ አዝማድ ድጋፍ በእርግጥ ትልቅ ጋሻ ነው፤ ነገር ግን መጋረጃም ሊሆን ይችላል። ዝም ያለ ልጅ «ጨዋ» ተብሎ ይመሰገናል፤ ኀዘኑን የሚጠይቀው የለም። አሳዳጊዎችን ብቻ የሚጠይቅ ተመራማሪም «ደኅና ነው» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። መጠየቅ ያለበት ልጁ ራሱ ነው።

ሕጉም ቢሆን ክፍተት አለበት። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የተጓዧን ዕድሜ፣ ጤናና የሙያ ብቃት ይመለከታል። ልጇ ከማን ጋር እንደሚቀር መታወቁ ግን ከመስፈርቶቹ መካከል የለም። በአንጻሩ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃን በወላጆቹ ወይም በአሳዳጊዎቹ እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል።

መፍትሔው እናቶችን መውቀስ ወይም ጉዞውን መከልከል አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የተጣለው እገዳ ብዙዎችን ወደ ሕገ ወጥ ደላሎች ገፋ እንጂ ፍልሰቱን አላስቀረም። የሚሻለው በምዝገባ ወቅት «ልጁን ማን ይይዘዋል?» ብሎ መጠየቅ፣ በእናትዮዋ ፈቃድ መልሱን ለትምህርት ቤቱና ለቀበሌው ማኅበራዊ አገልግሎት ማሳወቅ፣ በሥራ ውሉም ከልጇ ጋር በቋሚነት የምትነጋገርበትን ሰዓት ማስፈር ነው። የሚላከው ገንዘብ የትምህርት ቤት ክፍያ ይሸፍናል፤ ልጁ በክፍል ውስጥ ልቡ የት እንዳለ ግን አይነግረንም። ይህን መርምሮ ማወቅ የእኛ የተመራማሪዎች ድርሻ ነው።