«ተማሪ» ብሎ ማለፍ ይበቃል?

በትርጉም ኮርሳችን አንድ ጓደኛችን ጃፓኖች ተማሪን በስንት ስም እንደሚጠሩ ሲያቀርብ፣ ከኋላ አንዱ «እና አማርኛ ደሃ ነው ልትለን ነው?» አለው። ተሳሳቅን፣ ሰዓቱም አለቀ። እኔ ግን ጥያቄው አልተመለሰም ባይ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጃፓን የአንደኛ ደረጃው ልጅ «ጂዶ»፣ የመለስተኛና የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃው «ሴይቶ»፣ ዩኒቨርሲቲ የገባው ደግሞ «ጋክሴይ» ይባላል። በ1947 እ.ኤ.አ. የወጣው የትምህርት ቤቶች ሕጋቸውም የሚለያቸው በእነዚሁ ቃላት ነው። ብዙዎቻችን ልዩነቱ የዕድሜ መስሎን ነበር። አይደለም። «ኮሴን» የሚባሉት የ5 ዓመት የቴክኒክ ኮሌጆች ልጆችን በ15 ዓመታቸው ይቀበላሉ፤ ልጁ ገና ከመግባቱ በሕጉ «ጋክሴይ» ነው። መደበኛ ሁለተኛ ደረጃ የገባው እኩያው፣ የጎረቤቱም ልጅ ቢሆን፣ ያው «ሴይቶ» ነው። ስሙን የሚሰጠው የገቡበት በር ነው ማለት ነው። በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ወድቆ ለከርሞ የሚያጠናው፣ ማለትም በሩ ላይ የቀረው፣ «ሮኒን» ይባላል፤ ጥንት ጌታ የሌለው ሳሙራይ የሚጠራበት ቃል ነው። (የሰፈራችን ልጆች ቢሰሙት ይወዱት ነበር።)

ችግሩ የሚመጣው ስንተረጉም ነው። ጓደኛችን ለመልመጃ ባመጣው ዜና 3 «ጂዶ» በመኪና ተገጭተዋል። ግማሻችን «3 ተማሪዎች» ብለን ጻፍን። አማርኛው አልተሳሳተም፤ አንባቢው ግን የተጎዱት ትንንሽ ልጆች መሆናቸውን ከየት ይወቅ? «3 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች» ቢባል አለቀ፤ ሁለት ቃል መጨመር ድህነት አይደለም። እኛስ በአብነት ትምህርት ቤት የዜማ ተማሪ፣ የቅኔ ተማሪ እያልን በገቡበት ቤት ስንለይ አይደል የኖርነው?

ስለዚህ ከግዕዝ አዲስ ቃል እንፍጠር የሚሉትን ጓደኞቼን አልደግፍም። ቃል ለቃል መተካቱም ቢሆን አያዛልቅም። ይኸው «ጂዶ» በዚያው በ1947 በወጣው የሕፃናት ደኅንነት ሕግ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ያለውን ሁሉ ያጠቃልላል። እዚያ ላይ «የአንደኛ ደረጃ ተማሪ» ብሎ የተረጎመ ሰው የ16 ዓመቷን ልጅ ከሕጉ ጥበቃ አስወጣት ማለት ነው።

በሚቀጥለው መልመጃ «ሴይቶ» 4 ጊዜ አለ አሉ። እኔ አራቱንም ከየትኛው ትምህርት ቤት እንደሆኑ ሳልጠይቅ አልጽፍም፤ ገጹ ቢረዝምም ይርዘም።