ዋሱ ሲሸሽ

በአገራችን የሙግት ባህል ዋስ ያልጠራ ሰው ቃሉ ቃል አይባልም ነበር። ባለዕዳው ቢክድ ዋሱ ይከፍላል፤ ቢሰወርም ዋሱ ይያዛል። ስለ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ባነበብሁ ቍጥር ወደ ልቡናዬ የሚመጣው ይኸው ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሚሊዮኖችን ቀጥፎ ሲያበቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1919 በፓሪስ የተሰበሰቡት መንግሥታት የጻፉት ቃል ኪዳን በፍሬ ነገሩ የዋስትና ውል ነበርና። ዐሥረኛው አንቀጽ እያንዳንዱን አባል ለሌላው ዳር ድንበርና ነፃነት ዋስ ያደርገዋል፤ ዐሥራ ስድስተኛው ደግሞ ውሉን ጥሶ ጦር የመዘዘ በሁሉም ላይ እንደ መዘዘ ይቈጠራል ይላል። በወረቀት ላይ ከዚህ የበለጠ ምን ይጻፋል?

ሐሳቡን አጥብቀው የገፉትን ፕሬዚዳንት ዊልሰንን የገዛ አገራቸው ሴኔት አልቀበልም አላቸውና አሜሪካ ከደጅ ቀረች። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1931 ማንቹሪያን ስትይዝ ማኅበሩ መርማሪዎች ልኮ ዘገባ አስጻፈ፤ ጃፓንም ዘገባው ቢነቅፋት ማኅበሩን ጥላ ወጣች።

ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. አባል ስትሆን ቃሉን እንደ ተጻፈ አመነችው። ኢጣሊያ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ድንበር ጥሳ ስትገባ አባላቱ ወራሪዋን በስም ጠርተው ኰነኗት፤ ማዕቀብም ጣሉ። ነገር ግን ታንክና አውሮፕላን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ ከማዕቀቡ ውጭ ሆነ። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም፤ የወራሪው መርከቦች ቀረጣቸውን እየከፈሉ አለፉ። ዋሶቹ የማይጐዳቸውን ብቻ መርጠው ከፈሉ ማለት ነው። በወታደሩና በገበሬው ላይ የዘነበውን የመርዝ ጋዝ የሚከለክለው ስምምነት እንኳ እ.ኤ.አ. በ1925 በዚያችው በጄኔቭ የተፈረመ ነበር፤ የኢጣሊያ ፊርማም አለበት።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከጉባኤው መድረክ ሲቆሙ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት አወኳቸው። ረባሾቹ እስኪወጡ ጠብቀው ተናገሩ፤ በአማርኛ። የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ እዚህ ላይ ቆም ይበልልኝ። ንጉሡ ፈረንሳይኛ ያውቁ ነበር፤ በፈረንሳይኛ ቢናገሩ አብዛኛው አዳራሽ ያለ አስተርጓሚ ይሰማቸው ነበር። እኔ ግን ምርጫቸውን ትክክል እላለሁ፤ ተበዳይ አቤት የሚለው በገዛ አፉ ነውና። በማግሥቱ ወር ማዕቀቡ ተነሣ።

ማኅበሩ ከመነሻው ባዶ ሕልም ነበር የሚሉ አሉ። አልስማማም። ውሉ ደኅና ውል ነበር፤ የጠፋው ከፋይ ነው። ኢትዮጵያም እንዲህ የፈረደች ይመስለኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1945 በሳንፍራንሲስኮ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ከፈረሙት አንዷ እርሷ ናትና። እ.ኤ.አ. በ1951 ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ሲዘልቅ፣ ዋስ አጥታ የተጠቃች አገር ለሌላው ዋስ ሆነች፤ ከ120 በላይ ልጆቿም በዚያ ወደቁ። (ያ ውሳኔ ሊያልፍ የቻለው ሶቪየት ኅብረት በዚያን ሰሞን ከጸጥታው ምክር ቤት ቀርታ ስለ ነበረ መሆኑንም መርሳት አይገባም።)

ወንበሯ ባዶ ባይሆን ኖሮ አንዲት እጅ ሁሉን በሻረች ነበር። ቻርተሩ ዋስትናውን ለሁሉም አድርጎ፣ ከዋስትናው የማምለጫውን በር ለአምስቱ ኃያላን ብቻ ሰጥቷል። ሩሲያ በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ስለ ዩክሬን፣ አሜሪካ ደግሞ በታኅሣሥ 2023 ስለ ጋዛ የቀረበውን ውሳኔ የሻሩት በዚሁ በር ነው። የሚገርመው፣ በጠብ ውስጥ ያለ ወገን ድምፅ ከመስጠት ይታቀብ የሚል ሐረግ በ27ኛው አንቀጽ ውስጥ መኖሩ ነው፤ ግን የሚሠራው ስለ ሰላማዊ እርቅ ሲመከር ብቻ ነው። ጦር ተመዝዞ ኃይል ይጠቀም አይጠቀም ሲባል፣ ባለጉዳዩ ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። ለውጥ ከተባለ እኔ የምጠይቀው ያች ሐረግ እስከዚያ ድረስ እንድትዘረጋ ነው። አምስቱ በሩን ራሳቸው ካልፈቀዱ የሚዘጋ የለም፤ ቻርተሩን ለማሻሻልም የእነርሱ ይሁንታ ግድ ነው። እስከዚያው በሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. ጠቅላላ ጉባኤው አንድ ነገር አድርጓል፤ ውሳኔ በተሻረ በዐሥር የሥራ ቀን ውስጥ ጉባኤው ተሰብስቦ ይነጋገርበታል። የሸሸው ዋስ ለምን እንደ ሸሸ ቢያንስ በሸንጎ ፊት ይጠየቃል።