ካዛንቺስ መሸታ ብቻ ነበረች?

«ካዛንቺስ እኮ የመሸታ ሰፈር ነበረች፤ ፈረሰች ብለን ምን ቀረብን?» ይሉኛል። ኧረ ብዙ ቀርቶብናል! ስሟ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው የመጣ ነው፤ በ1928 የገባው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች። በ1967 ትርፍ ቤት ከተወረሰ በኋላ ግን ስንቷ እናት በርካሽ የቀበሌ ኪራይ ሳሎኗን መጠጥ ቤት አድርጋ ልጅ አሳደገች! አዝማሪው በማሲንቆው እንጀራ በላ፤ የፈንድቃ እስክስታ ከዚያው ተነስቶ ባሕር ተሻገረ። ያንን ሌሊት ያቆመው ርካሽ ኪራይ ነው።

በ2017 ሰፈሩ ሲፈርስ ብዙው ነዋሪ ወደ ከተማው ዳር ተሸኘ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ ደመቀ፤ እሰየው። ከአዲሱ ፎቅ ሥር ለዚያች እናት አቅሟ የሚችለው አንዲት ክፍል ይሰጣት፤ ያኔ እኔም ልማት ነው እላለሁ።